የአበባ ድምፅና የብዙነህ ጣት

ብዙነህ አዳማ ውስጥ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አለው፤ ሆዱ ከባንኮኒው ቀድሞ ደንበኛ ይቀበላል። በቤተ ክርስቲያናቸው ግን የሚታወቀው "የአበባ ባል" ተብሎ ነው። አበባ ትዘምራለች፤ እሱ ቦርሳዋን ታቅፎ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣል። ባቱ ከተማ የአትክልት እርሻ የሚሠራው የሚስቱ ወንድም ጋሮምሳ ያቺን ኡኩሌሌ እስኪያመጣለት ድረስ ይህ ሥራ ያንሰኛል ብሎ አያውቅም ነበር።

ኡኩሌሌ አራት ክር ያላት፣ ጊታር ወልዶ ሳያሳድጋት የቀረች የምትመስል ትንሽ መሣሪያ ናት። አንድ ወደ አገሩ የተመለሰ ፈረንጅ ነው ለጋሮምሳ ትቶለት የሄደው። የቤተ ክርስቲያኑ ኪቦርድ ተጫዋች አዶኒያስ ሱቁ ድረስ እየመጣ ብዙነህን ማስተማር ጀመረ። ሲ የሚባለው ኮርድ፣ ማለት በአንዴ የሚመቱ ድምፆች ጥምር፣ በአንድ ጣት ይያዛል፤ ብዙነህ በዚያው ዕለት ያዘው፣ በዚያው ዕለትም ሙዚቀኛ ሆነ። ኤፍና ጂም ከብዙ ላብ በኋላ እሺ አሉ። ኢ ኮርድ ላይ ግን ነገር ተበላሸ። ለእሷ ጠቋሚ ጣት አንዷን ክር ይይዛል፤ የቀለበት ጣት ደግሞ በመሣሪያዋ አንገት ላይ ሁለት መስመር ርቆ ይተኛና ሌሎቹን ሦስት ክሮች በአንዴ ይጫናል፣ አራተኛዋን ሳይነካ። የብዙነህ ጣት ግን አንዴ ከተኛ አራቱንም ይዞ ነው የሚተኛው።

"ጋሽ ብዙነህ፣ በየቀኑ ይለማመዱት፤ ቀስ እያለ ይመጣልዎታል" አለው አዶኒያስ።

"ቀለበቱ እኮ ነው የከለከለኝ" አለ ብዙነህ። ቀለበቱን በሳሙና ሞከረው፣ በዘይት ሞከረው፤ አልወጣም። ቀጥሎ የአዳማ ሙቀት ክር ያላላል ተባለ። በመጨረሻም መሣሪያዋ ራሷ "የልጅ መጫወቻ" ተብላ ተወገዘች። ጣቱ ብቻ በነፃ ተለቀቀ።

ነገሩ እዚያው ሱቅ ውስጥ ይቀር ነበር፤ ግን የዓመቱ የምስጋና ቀን ተቃረበ። በዚያ ቀን የመክፈቻውን መዝሙር የምትዘምረው ሁልጊዜ አበባ ናት። ዘንድሮ ግን የመዘምራኑ መሪዎች "ድምፅዋ እየደከመ ነው፤ ለወጣቷ ለሶፊ ብንሰጣትስ?" ማለት ጀምረዋል። በዚያው ቀን አንድ ጊዜ ሰምተዋት ለከርሞ ሊወስኑ ነው። አበባ ይህን ለባሏ ነግራው አልቅሳለች። ብዙነህ እንባዋን ጠርጎ ሲያበቃ "እኔ በኡኩሌሌ ባጅብሽስ?" አላት። ባል ማለት እንዲህ ነው!

እሷም ደስ ብሏት ተቀበለች። ጣጣው የመጣው ልምምድ ላይ ነው። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ድምፁ ከመጣለት ቦታ ይነሣል፤ አሳድዶ የሚደርስበት አጃቢው ነው። የአበባ ድምፅ ደግሞ የሚነሣው ከዚያችው ከኢ ነው። ብዙነህ ደጋግሞ ሞከረ፤ ከኡኩሌሌዋ የወጣው በር የማንኳኳት ድምፅ ነበር።

"አቢዬ፣ ትንሽ ዝቅ ብትይልኝስ? ከሲ ብትነሺ ምን አለበት?"

"መዝሙሩ እኮ ከወረደ ይሞታል፣ ብዙዬ።"

"ለአንድ ቀን?"

አንድ ጣት ከማሠልጠን የሚስቱን ድምፅ ማውረድ ቀለለው። አበባም እሺ አለች። እሺ ያለችው ስለምትወደው ነው፤ እሱ ግን ሐሳቡ ጥሩ ስለሆነ መሰለው።

ቀኑ ደረሰ። ብዙነህ አዲስ ሱፉን ለብሶ ከጎኗ ቆመ። አበባ ከታች ጀመረች። ድምፅዋ ተጎተተ፤ ቃላቱ ጉሮሮዋ ውስጥ እየቀሩ የመጀመሪያው ስንኝ አለቀ። ሰዎች ተያዩ። ከመሪዎቹ አንዱ ወደ ሶፊ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ሹክ አላት፤ ሶፊም በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። አበባ አየች። ብዙነህም አየ። አይቶም ፈገግ እንዳለ ሲ ኮርዱን ቀጠለ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ያማረ ሲ ይዞ አያውቅም።

አበባ ዓይኗን ጨፈነች። አዝማቹ ላይ ስትደርስ ማንንም ሳታማክር ወደ ራሷ ከፍታ ወጣች። እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ የነበረው አዶኒያስ በኪቦርዱ ተከትሎ ደረሰባት፤ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሣ፣ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ብዙነህ ክሮቹን በግራ መዳፉ አፍኖ ቀኝ እጁን ብቻ ያወዛውዝ ጀመር። እንደተመሰጠ ሰውም ዓይኑን ከደነ። ማንም አላወቀበትም።

ሲወጡ በረንዳው ላይ ሰው ሁሉ "እጅህ ይባረክ!" እያለ ጨበጠው፤ እሱም ያለ ምንም እፍረት "አሜን፣ አሜን" አለ። ያ ሹክ ያለው መሪ ራሱ መጥቶ አበባን "ለከርሞም አንቺው ነሽ" አላት። ጆሯቸው ያልደከመው እማማ አሰለፈች ግን እጇን ያዝ አድርገው "ልጄ፣ ስትጀምሪ ምን ሆነሽ ነው? የታመምሽ መስሎኝ ደነገጥኩ እኮ" አሏት።

"አልታመምኩም፣ እማማ። ብዙነህን እየጠበቅኩት ነበር።"

"ታዲያ ደረሰ?"

"አልደረሰም" አለች አበባ፣ ወደ ባሏ ዞራ። "ሹክሹክታውን አይቶ እንኳን አልተነሣልኝም። ትቼው ሄድኩ።"

እማማ አሰለፈች ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ብዙነህም ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም። ለካ ያኔ ፈገግ ብሎ ሲቀጥል እያየችው ነበር። አፈረ፤ የሚጨብጡትን እጆች ትቶ እጁን ኪሱ ከተተ።