የእንግዳው እጅና የጎረቤታችን ጓያ

ባሌን እንግዳውን የሚያህል ችኮ ሰው በወረዳችን በደሃና ካለ አሳዩኝ፤ እኔም ልጽናና።

እግሩን የሰበረው ጓያ ነው። በጎረምሳነቱ፣ ዝናብ በጠፋበት ዓመት፣ ጓያ ብቻ ሲበላ ከርሞ አንድ ጠዋት ጉልበቱ አልታዘዝ አለው። ከዚያ ወዲህ በሁለት ዱላ ነው የሚሄደው። ማረስ ቢቀርበትም እጁ ወርቅ ነው፤ አምደወርቅ ገበያ ዳር በእጅ በሚዞር የስፌት መኪና እየሰፋ እስከ ዛሬ አኑሮናል።

ዓምና ጣቶቹ ይደነዝዙ ጀመር። መርፌ ከእጁ ሲወድቅ አይታወቀውም፤ እኔ ነኝ ከመሬት የምለቅመው። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው፣ "ጓያው ነው፤ ከእግሬ ወደ እጄ ወጣ" ይላል።

"ከበላኸው ስንት ዘመንህ!"

"እንፋሎቱ ነዋ! ወለተ ሰንበት በቀቀለች ቁጥር በአጥር ይገባል።"

ደሜ ፈላ። ወለተ ሰንበት ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ማሳዋ ያን ዓመት ከጓያ በቀር ያልሰጣት። እሱ ግን ተጎትቶ ደጇ ሄዶ፣ "እጄንም ልታሳጪኝ ነው? ልጆቼን በምን ላሳድር?" ብሎ አለቀሰባት። በእኛ አገር የሰባራ ሰው እንባ ይፈራል። "ማርያምን፣ አያ እንግዳው፣ ሁለተኛ አልጥደውም" ብላ ማለች፤ እህሉንም ለከብት ቀለብ በርካሽ ሸጠችው። ተው ብለው ማን ይሰማኛል!

እጁ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። በመጨረሻ ስጨቃጨቅ ከርሜ ሚኒባስ ላይ ጭኜ ሰቆጣ ወሰድኩት። ሐኪሙ ዱላዎቹን አየ፣ የእጁን አንጓ በጣቱ መታ መታ ሲያደርገው እንግዳውን እስከ ጣቱ ጫፍ ነዘረው።

"አባቴ፣ ይሄ ጓያ አይደለም። ዘመንዎን ሙሉ ዱላ ላይ በመዳፍዎ ተደግፈው፣ እዚህ አንጓዎ ላይ የሚያልፈው ነርቭ ተጨፍልቋል።"

"እንፋሎቱስ?"

"እንፋሎት ማንንም አይሰብርም። የሚሰብረው ሌላ እህል ሳይቀላቀልበት ለብዙ ጊዜ ሲበሉት ነው።"

ክንድ ላይ የሚያርፍ ክራንች አዘዘለት፤ አንጓውን የሚይዝ ማሰሪያም ሰጠው፤ ካልተሻለው በትንሽ ቀዶ ጥገና እንደሚታከም ነገረን። እጁ ሊተርፍ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ በገዛ ዱላው ልማታውም አማረኝ።

ስንመለስ እቤት ሳይገባ ወደ ወለተ ሰንበት ደጅ ታጠፈ። ይሄን አልነፍገውም።

"በድዬሻለሁ። እጄን የጎዳው ዱላዬ እንጂ ጓያሽ አይደለም። ከእንግዲህ ቀቅዪ።"

"ልጄ ከሄደ በኋላ?" አለች።

የበኩር ልጇ ሀይሉ በግንቦት ወደ ዓረብ አገር እንደ ወጣ እናውቃለን። ምክንያቱን ግን ነግራን አታውቅም።

"ጓያውን ሸጬ የገዛሁት ማሽላ ቶሎ አለቀ። 'እኔ ልሂድ፣ ለትንንሾቹ ይትረፍ' ብሎኝ ወጣ።"

እንግዳው አንገቱን ደፋ። "ይቅር በይኝ" አለ።

"እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ። ሀይሉ ግን ከጅቡቲ አንዴ ከደወለ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። 'ጓያው ይበላል፣ ተመለስ' ብሎ ማን ይንገርልኝ?"