ጉም ውስጥ የመሩኝ እግሮች

ዛሬ ጠዋት የምንኖርበት ሰፈር፣ ፖይንት ኩክ፣ በጉም ተውጦ ነበር። የጎረቤቴ መኪና እንኳ አይታይም። ልጄ ሊያ ለትምህርት ቤቷ የአገር አቋራጭ ውድድር እየተለማመደች ነውና፣ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ስታስር ደረስኩባት። «ዛሬስ ይቅርብሽ» ብላት «ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ፎግ» አለችኝ፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ። እውነቷን ነው፣ ጉም ነው። ለእኔ ግን ጉም ብቻ አይደለም።

የዛሬ አስራ ምናምን ዓመት ግድም ኬንሲንግተን የሚባል ሰፈር ውስጥ ከጓደኛዬ ከሰዓዳ ጋር አንዲት ትንሽ አፓርታማ ተጋርተን እንኖር ነበር። ሰዓዳ የደሴ ልጅ ናት፤ አገር ቤት እያለች ለክለብ ሮጣለች። ቀን ቀን ፉትስክሬይ ሰፈር ባለ የሐበሻ ሱቅ ትሠራለች፤ ልቧ ግን ሩጫው ላይ ነው። ክረምቱ ሲወጣ አንድ ትልቅ ውድድር ገብታ፣ እኔም አለሁ ለማለት ቆርጣ ነበር። እኔ ተማሪ ነኝ፤ የምሮጠው እሷ ብቻዋን እንዳትሆን ነው። ለእሷ ለብቻ መሮጥ ለብቻ ከመብላት አይለይም።

ሕግ ነበራት። ዳገት ላይ ወሬ የለም። ከኋላ ያለችው ዓይኗን ከፊተኛዋ እግር አትነቅልም፤ እግር ሲነሳ ታነሳለች፣ ሲታጠፍ ትታጠፋለች። መምራት በተራ ነው። «አታስቢ አንቺ፤ ማሰቡን ለምትመራው ተይላት» ትለኝ ነበር። ለእንደኔ ዓይነቷ ሰነፍ ይኼ ትልቅ እረፍት ነው።

ያን ቀን ሱብሒ ሰግዳ ቀሰቀሰችኝ። ከፔርሙዝ ትኩስ አብሽ በማር ተካፍለን ጠጣንና ወጣን። ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዷል፤ ጉሙ ከማሪቢርኖንግ ወንዝ እየተነሳ ሰፈሩን ሸፍኖታል። የምንለማመድበት ዳገት ወገቡ ላይ ወደ ግራ የሚታጠፍ ቀጭን መንገድ አለው፤ እሱ የሚያበቃው ወንዙን ቁልቁል የሚያይ ገደል አፍ ላይ ስለሆነ አንሄድበትም ነበር።

ጥቂት ጊዜ ወጥተን ወርደን ታች ስንደርስ የጫማዬ ክር ተፈታ። ጣቶቼ በብርዱ ደንዝዘው ማሰር አቃታቸው። እንደምንም አስሬ ቀና ስል ሰዓዳ አጠገቤ የለችም። ወዲያው ግን ከፊቴ ሁለት እግሮች ዳገቱን ሲጀምሩ አየሁ። ከጉልበት በላይ ያለው ጉም ነው። ተራው የእሷ መስሎኝ ተከተልኩ።

አንድ ነገር ቅር አለኝ። ሰዓዳ ዳገት ላይ ትንፋሿ ከሩቅ ይሰማል፤ ያን ጊዜ የሚሰማው የእኔ ብቻ ነበር። አታስቢ ተብያለሁና አላሰብኩም። እግሮቹ ወገቡ ላይ ሲደርሱ ወደ ግራ ታጠፉ። ታጠፍኩ። ፈጠኑ፤ እኔም ፈጠንኩ።

«ያ ረቢ» የሚል ማቃሰት ከገደሉ ሥር ሰማሁ። የሰዓዳ ድምፅ ነው። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እግሮቹ የሉም።

አፈሩን እየቧጠጥኩ፣ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ግማሽ አካሏ ውሃ ውስጥ ነው፤ አንድ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተጣሟል፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል። ጎትቼ አወጣኋት፣ ጃኬቴን አልብሼ አቅፌ ጮኽኩ። ውሻውን ሊያንሸራሽር የወጣ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ሰምቶ አምቡላንስ ጠራልን። እቅፌ ውስጥ መንቀጥቀጧን ስታቆም፣ ሞተችብኝ ብዬ አለቀስኩ።

ሆስፒታል ነፍሷ መለስ ሲል «ምን ሆነሽ ነው ወደዚያ የታጠፍሽው?» አልኳት።

አፍጥጣ አየችኝ። «አንቺ አይደለሽ እንዴ የታጠፍሽው? ክርሽን አስረሽ በጎኔ አለፍሽ። ተራው የአንቺ ነው ብዬ እግርሽን ተከተልኩ።»

እኔ ገና የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር፤ ከታች ንቅንቅ አላልኩም። ያየሁትን ስነግራት ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችው።

እግሯ ዳነ፤ ውድድሩ ግን እዚያው ቀረ። ዛሬ የልጆች እናት ናት። ነገሩ ሲነሳ በደግ ትፈታዋለች፤ «የወደቅሁበት ድረስ መርቶ ያመጣሽ አላህ ነው» ትላለች። አሜን እላታለሁ። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ማቃሰቷን ሰምቼ ስቆም የቀኝ ጫማዬ ጫፍ የረገጠው መሬት አልነበረም። ባታቃስት ኖሮ እላይዋ ላይ እወድቅ ነበር። ያ እግር የወሰደኝ እንዳድናት ይሁን እንድከተላት፣ አላውቅም።

ሊያን መከልከል አልቻልኩም፤ ጫማዬን አድርጌ አብሬያት ወጣሁ። ፖይንት ኩክ ዳገትም ገደልም የለውም፤ ቢሆንም እጇን ያዝኩ።

«ከፊቴም ከኋላዬም አትሁኚ፤ ጎን ለጎን እንሩጥ» አልኳት።

«ዋይ?» ብላ ምክንያቱን ጠየቀችኝ።

አንገቴን ቀና አድርጌ ሮጥኩ፤ ወደ መሬት ባይ ከፊታችን የሚሄድ እግር እንዳላይ ፈርቼ።