ለሚካኤል የተሳልሁት ጥላ

ረቡዕ
ከቁንዝላ የተነሣሁት ለሁለት ጉዳይ ነው፤ ለሚካኤል የተሳልሁትን ጥላ ልገዛና ልጄን ውብአለምን ልጠይቅ። መንግሥት ሞስኮ ልኮ በዩኒቨርሲቲ ውዝዋዜ አስተምሯታል። ከተመለሰች ወዲህ ባሕር ዳር ኪነት ቡድን ተመድባለች። መድረክ ላይ ግን አይቻት አላውቅም።

የጣና ጀልባ ነጂው ጨዋታ ያውቃል። «እመይቴ፣ ልጅዎ እስክስታ ልትማር ሞስኮ ድረስ ሄደች? እዚሁ በነጻ እናስተምራት አልነበር?» አለኝ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከስንቄ ዳቦ ቆርሼ ሰጠሁት። ማዕበል ሳያገኘን ደረስን፣ ተመስገን።

ሐሙስ
ጠዋት ከገበያ ቀይ ከፋይ ጥላ ገዛሁ፤ ዘርፉ ወርቅማ ነው። ከሰዓት በኋላ ትርዒት አለ ብለውኝ አዳራሹ ገባሁ። ወጣቶቹ የጎጃሙን ሲመቱት ትከሻቸው እሳት ነው። ልጄን ከመካከላቸው ፈልጌ አጣኋት። ያገኘኋት ከመጋረጃው ጀርባ፣ የሌሎቹን ቀሚስ በከሰል ካውያ ስትተኩስ ነው።

የምትኖረው ዓባይ ማዶ ነው። ድልድዩን ተሻግረን ቤቷ ገባን። ሽሮ አቀረበችልኝ፤ እሷ አልበላችም። ከዚያ ነገረችኝ። እዚያ አገር ዓመታት ሙሉ አንገትሽን አቅኚ፣ ትከሻሽን አታንቀሳቅሺ ሲሏት ኖረዋል። እዚህ የሚፈለገው ትከሻ ነው። የተማርሁትን ላሳይ ብትል ኃላፊው ሰፊው ሕዝብ አይገባውም ብሎ መለሳት። እስክስታውን ስትሞክር ጓደኞቿ «ፈረንጇ» እያሉ ይስቃሉ።

«እምቢ አለኝ፣ እማ» አለች፣ ትከሻዋን ይዛ። «ጥላውን አሁን አታስገቢ። በተማርሁበት ስሠራ ታስገቢዋለሽ።»

«የተሳልሁት ሄደሽ በደኅና እንድትመለሺ ነበር፤ ተመልሰሻል። ከግንባር ልጇ ያልተመለሰላት ስንት እናት አለች» አልኋት።

ተነሥታ ገበታውን አነሣች።

ቅዳሜ
አብራኝ ለመምጣት ፈቃድ ጠየቀች። እስከ መቼ ነው ብሎ እንኳ የጠየቃት የለም። ጀልባ ነጂው ሲያያት «እስቲ አንዴ ወዝወዝ አድርጊልን» አላት። ውሃውን እያየች ቀረች። በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

እሑድ
ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ጥላውን ተቀብለው መረቁን፤ የልጄንም ስም ጠሩ። እልልታው ቀለጠ፣ ከበሮ ተመታ፣ ሴቶቹ ትከሻቸውን ጣሉት። ከዚህ መንገድ የተማርሁት፣ የለመንሁት ሁሉ እንደተሰጠኝ ነው። ያልለመንሁላትን ማን እንደሚሰጣት ግን አላውቅም።

ልጄ ከመካከላቸው እንደ ጧፍ ቀጥ ብላ ቆማለች። የእኔ ትከሻ ጀምሮ ነበር። አቆምሁት፤ ሄጄ ከጎኗ ቆምሁ።