ጠመንጃ ያልያዙት አቶ ደስታ

ባለፈው ሰሞን ሰቆጣ ውስጥ በልጅነት ትምህርት ቤቴ ደጃፍ ሳልፍ የትኩስ ቀለም ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝና ቀና ስል፣ ጠመንጃ ያነገተ፣ ቅንድቡን የቋጠረ ሰውዬ ከግንቡ ላይ አፈጠጠብኝ። ከሥሩ ስማቸው ባይጻፍ አቶ ደስታ መሆናቸውን በምን አውቄ!

አቶ ደስታ ጎረቤታችንና የወረዳችን አስተዳዳሪ ነበሩ። ይህን ትምህርት ቤት ሲያሠሩ፣ ቅዳሜ ገበያ የሚመጣ ሁሉ ከወንዙ አንድ አንድ ድንጋይ ይዞ እንዲመጣ አስነገሩ፤ ከጎረቤት ወረዳ ከዝቋላ ፍየሉን እየነዳ የሚመጣው ሳይቀር ድንጋዩን ተሸክሞ፣ ግማሹ እየተራገመ ግማሹ እየሳቀ ይደርስ ነበር። እሳቸውም ትልቁን መርጠው ይሸከሙና፣ ሲደክማቸው እኛን ልጆቹን ሊያጫውቱ የቆሙ መስለው እያሳረፉት፣ ሆን ብለው ስማችንን እያቀያየሩ ሲጠሩን ሰፈሩን በጩኸት እናቀልጠዋለን። ጠመንጃ ቀርቶ ዱላ ይዘው አላየሁም።

መንግሥት ሲለወጥ አዲሱ ፓርቲ ያንን ድንጋይ የግዳጅ ሥራ፣ እሳቸውን ጨቋኝ አላቸው። ታሰሩ፤ ቤታቸው የነበረችው አንዲት ፎቶግራፍ እንኳ ተወሰደችና በዚያው ቀረች። እኛም እሳቸው ባሠሩት ክፍል ቆመን እሳቸውን የሚያወግዝ መዝሙር ዘመርን፤ ዜማው ደግሞ ሲያምር! ከእስር በወጡ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ዛሬ ሌላ ፓርቲ መጥቶ የኔ ታጋይ፣ የኔ ጀግና ይላቸዋል።

ባለቤታቸውን እማማ ዝማምን ከግንቡ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አርጅተዋል። ሰዓሊው ጠመንጃውን አጥፍቶ ድንጋያቸውን እንዲያሸክማቸው ለምንልኝ አሉኝ። ሰዓሊውን ብለምነው፣ ሥዕሉ ከላይ ጸድቆ የመጣ ነው አለኝ። የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄድኩ፤ አንድ ትሁት ወጣት ሻይ አስመጣልኝና፣ “ጋሼ፣ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ለሥዕሉ ምረቃ አይሆንም እኮ” አለኝ። እንደዚያ ቀን አቅም ማጣት አንገብግቦኝ አያውቅም።

የሆነውን ስነግራቸው እማማ ዝማም አልተቆጡም፤ ነጠላቸውን ሰብስበው ለመነሳት እጃቸውን ሰጡኝ።

“ተወው በቃ፣ የኔ ጌታ” አሉኝ። “ድሮ ዓይኔን ስጨፍን እየሳቁ ይመጡልኝ ነበር። አሁን አሁን ስጨፍንም የሚመጣብኝ ይሄኛው ሆኗል።”