የኔቪል ትከሻ

ክላይቭ ካችፖል ቀኝ ዓይኑን ያጣው ያለ አደጋ፣ ያለ ጠብ ነው። በበረዶው ወራት አንድ ማታ ደህና ሆኖ ተኛ፤ ጠዋት ሲነሣ የመስኮቱ ግማሽ ጨልሞ ጠበቀው። ሐኪሞቹ ከዓይኑ ጀርባ ያለች ደም ሥር ተደፍናለች፣ አትመለስም አሉት።

ክላይቭ እዚህ እንግሊዝ፣ ኖርፎክ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ማሳ ላይ ትራክተር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። መጠጥ አይወድም፤ ቁማር አያውቅም። ደስታው አንድ ነበር፤ የዱር እርግብ ማደን። ጠመንጃውን ቀኝ ትከሻው ላይ አስደግፎ፣ በቀኝ ዓይኑ አልሞ። ያቺ ዓይን ስትሄድ ደስታውንም ይዛ ሄደች። ጠመንጃውን ብረት ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት፤ ከዚያ ወዲህ ሰማይ እንኳ ቀና ብሎ አያይም ነበር። ሚስቱ ቤሪል አንድ ቀን ግቢያችንን የሚለየው አጥር ላይ ተደግፋ፣ “ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር” ብላኛለች።

ገብሱ ታጭዶ ባለቀ ሰሞን ባለእርሻዋ ሃሪየት አልደስ ደወለችለት። እኔ እነሱ ቤት ሻይ እየጠጣሁ ስለነበር ድምጿ ይሰማኛል።

“ክላይቭ፣ እርግቦቹ ጨረሱኝ! አሁን የረገፈውን ገብስ እየለቀሙ ነው፤ እሱ ሲያልቅባቸው አጠገቡ ያለውን ጎመንዘሬን ሊግጡት ነው። ገና መብቀሉ ነው እኮ። ነገ ይምጡልኝ።”

“ኔቪልን ጥሪው።”

“ጠራሁት። እርስዎ ካልመጡ አልመጣም አለኝ።”

ኔቪል ታክ የአደን ጓደኛው ነው። ድሮ አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ ተሳፋሪ የሚያስታውሰው በአነዳዱ ሳይሆን በምላሱ ነው። በማግስቱ ጠዋት መኪናውን በር ላይ አቁሞ ጥሩምባውን አንባረቀው።

“ውጣ እንጂ አንተ ሽማግሌ! እርግቦቹ ቁርስ ጨርሰው ምሳ ሊጀምሩ ነው!”

“እኔ መጥቼ ምን ልሠራ?”

“ማታለያ የፕላስቲክ እርግቦቹን ትደረድራለህ። እኔ ስደረድራቸው እርግቦቹ ከሩቅ አይተው ይስቁብኛል።”

ቤሪል አይብና ሽንኩርት ያለበትን ሳንዱች ቀድማ ጠቅልላ፣ ፔርሙሱን ሞልታ ጨርሳለች። ኮፍያውን ራሷ አጠለቀችለት። የኔቪል ጉልበት ሸክም ስለማይችል እኔም ጆንያ ተሸካሚ ሆኜ ተከተልኩ።

ማሳው ዳር ስንደርስ ክላይቭ ቆመና እርግቦቹ ዋርካ ከሚያህሉት ዛፎች ተነሥተው በየት በኩል እንደሚመጡ ተመለከተ። ከቁጥቋጦው አጥር ሥር ምሰሶ ተክለን፣ መረብ ጥለን፣ የገለባ እስር መቀመጫ አድርገን ማድፈጫ ሠራን። ከዚያ ክላይቭ የፕላስቲክ እርግቦቹን፣ እውነተኛ እርግብ ስትለቅም እንደምታደርገው፣ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ እዚህም እዚያም በተነና መሐሉን ባዶ ተወው። መንገደኛዋ እርግብ ዘመዶቿ ሲበሉ አይታ ማረፊያዋን እዚያች ባዶ ቦታ ላይ እንድትመርጥ ነው።

መጡም። ክላይቭ “ከግራ በኩል፣ ዝቅ ብላ!” ይላል፤ ኔቪል ይተኩሳል፤ ቲግ የምትባለው ጥቁር ውሻው እየሮጠች ታመጣለች። እርግብ በወደቀች ቁጥር የክላይቭ ጣቶች ጭኑ ላይ ጭብጥ ሲሉ አያለሁ።

“ድሮ ስትስት ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው ትለን ነበር” አለ ኔቪል ቀልሃውን እያወጣ። “አሁን እንኳን እውነተኛ ሰበብ አገኘህ።”

ክላይቭ ሳይወድ ሳቀ።

እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ በረታ። ኔቪል ጃኬቱን አወለቀ፤ አልበቃው ሲል ሸሚዙንም አወለቀና በካናቴራ ቀረ። ግራ ትከሻው በልዟል፤ መሐሉ እንደ በሰለ ፕሪም ጠቁሯል፣ ዳሩ ቢጫ ሆኗል።

“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” አለ ክላይቭ።

“ከደረጃ ወደቅኩ።”

“ደረጃ እንዲህ አይመታም። ሰደፍ ነው የመታህ። አንተ ደግሞ በግራህ ተኩሰህ አታውቅም።”

ኔቪል የጎረሰውን ሳንዱች ከሚገባው በላይ ሲያላምጥ ቆየ።

“በእህቴ ልጅ ጓሮ፣ ቀኝ ዓይኔን በመሐረብ አስሬ ስተኩስ ነው የከረምኩት። ወደ ላይ በሚወረወር የሸክላ ዒላማ ላይ።”

“ለምን ብለህ?”

“መቻሉን እንዳውቅ ነዋ! ሞክር ብዬህ ባይሆንስ? አንዴ የተሰበረ ሰው ይነሣል። ሁለተኛ ግን እኔ አልሰብርህም።”

“እና…ይቻላል?”

“መጀመሪያ ሰማዩን ብቻ ነበር የምመታው። አንዴማ የጎረቤት ላም ልጥል ነበር። አሁን አንዳንዱን እሰብራለሁ። እንደኔ ያለ ደደብ ከቻለ አንተ ምን ያቅትሃል?”

ኔቪል በክላይቭ ቀኝ፣ በማታየው ዓይን በኩል ነበር የተቀመጠው። እኔ በግራ ነበርኩ። ስለዚህ ደህናዋ ዓይን እንባ ስትሞላ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

“በል የኔን ያዝ” ብሎ ኔቪል ጠመንጃውን አቀበለው።

ግን እንዳሰብነው አልሆነም። ጉንጩ ሰደፉ ላይ አልቀመጥ አለው፤ የግራ ጣቱ ቃታውን ሲፈልግ እርግቧ አልፋ ትሄዳለች። አንዷን ሳተ፣ ሌላዋንም ሳተ፣ ሌላም።

“ደመናዋን ገደልካት፣ ምስኪን!” አለ ኔቪል።

ክላይቭ አልሳቀም። ጠመንጃውን አስቀመጠና፣ “በቃኝ” ብሎ ከማድፈጫው ወጣ። በአጥሩ ጥግ ራቅ ብሎ ሄደ። ሰው ገላጣ ላይ ሲታይ እርግብ አይቀርብም፤ ሰማዩ ባዶ ሆነ።

“ቀልዱን ማብዛት አልነበረብኝም” አለኝ ኔቪል። ሻይ ሊቀዳ ፔርሙሱን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

ክላይቭ የተመለሰው ለእኛ ብሎ አይመስለኝም። ነፋሱ ዞሮ ነበር። ማታለያዎቹ በሙሉ ጀርባቸውን ለነፋስ ሰጥተው ተቀምጠዋል፤ እሱ ደግሞ ይህን አይቶ ማለፍ የሚችል ሰው አይደለም። እያጉረመረመ፣ እያጎነበሰ፣ አንድ በአንድ አዞራቸው። ላቡን እየጠረገ ገብቶ ተቀመጠ።

“እንዲህ አድርጋችሁ ትታችሁት ማን ይምጣላችሁ? እርግብ ሞኝ መሰለቻችሁ?” እያለ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ ሳበው። ሊተኩስበት ሳይሆን ከመንገዱ ሊያነሣው ይመስለኛል።

ወዲያው አንዲት እርግብ ክንፏን ዘርግታ፣ እግሯን አውርዳ ወደ ባዶዋ ቦታ መጣች። ክላይቭ ከተቀመጠበት ብድግ አለ፤ ጠመንጃው ግራ ትከሻው ላይ መቼ እንደወጣ አላየሁም። ተኩሱ ጮኸ። እርግቧ ገብሱ በታጨደበት መሬት ላይ ዱብ አለች።

ቲግ አምጥታ እግሩ ሥር አስቀመጠችለት።

“ሳታስብ ነው የመታኸው” አለ ኔቪል። “አደራህን፣ እንዳታስብ።”

ከዚያ በኋላ ከመታው የሳተው ይበልጣል። ቢሆንም ጠመንጃውን ለባለቤቱ ለመመለስ ሲዘገይ፣ ኔቪልም ሳይጠይቀው ሻይ ሲጠጣ ዋለ።

አመሻሽ ላይ ሃሪየት መጣች። “እንዴት ዋላችሁ?”

“እኩል ለእኩል” አለ ኔቪል።

“አትስሚው፤ የሱ ጆንያ ሙሉ ነው፣ የኔ ለአንድ ድስት አትበቃም” አለ ክላይቭ።

“ጎመንዘሬ ላይ አንዲትም ሳታርፍ ዋለች። ለኔ ሌላው ትርፍ ነው” አለች።

ክላይቭ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም፤ አይሆንምም። ጠመንጃ ሠሪው ግን የጠመንጃውን ሰደፍ ለግራ ጉንጩ እንዲመች አጠፈለት፤ ከኔቪል ጋርም ማድፈጫ ውስጥ በክርን እየተጓሸሙ፣ “ራቅ በል እንጂ!” እየተባባሉ ቀጠሉ።

የዚያን ቀን ግን ወደ ቤት ስንመለስ ክላይቭ መኪናው ውስጥ፣ “ነገስ?” አለ።

“ነገ ለጉልበቴ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ” አለ ኔቪል።

“ጠዋት ነው ከሰዓት?”