አባባ ለእንግዳ መነሳት ያቃታቸው ጊዜ

መጀመሪያ ያየሁት አፋቸውን ነው። ለበዓል ከፍኖተ ሰላም ቡሬ አጠገብ ወዳለው የአባቴ ቤት ሄጄ ነበር። ቁርስ ላይ እየሳቁ ሲያወሩ የከንፈራቸው ግራ ጫፍ ወደ ታች ወረደ። ብርጭቆው ከእጃቸው ወደቀ። አንዱ ጎረቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ሊቀጥፍ ወጣ፤ እኔ መኪና ፍለጋ ሮጥሁ።

ሐኪሙ «ስትሮክ ነው፤ ግፊታቸውም ከፍተኛ ነው» አለን። ለሲቲ ስካን ባሕር ዳር ወሰድናቸው። ግራ እጃቸው አልታዘዘም። ግራ እግራቸውም። ሽንታቸው በቱቦ፣ በካቴተር ወጣ። ፈራሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሐኪሙ እግራቸው በስፖርት ሊመለስ እንደሚችል፣ ዝም ብለው ከተኙ ግን አልጋ ላይ እንደሚቀሩ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ታናሽ እህቴ ኖርዌይ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች ትንከባከባለች፤ የሚልካት ማዘጋጃ ቤቱ ነው። በስልክ «ሸሚዛቸውን ራሳቸው ይቆልፋሉ፤ እኛ ቆመን እንጠብቃለን» ስትለኝ፣ ለመቆም ደመወዝ ይከፈላል እንዴ ብዬ ሳቅሁባት። ቤይሩት አንዲት አሮጊት ያስታመመችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ እዚያ ሸክሙ ሁሉ በአንዲት ሠራተኛ ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ፣ በር የሚያንኳኳ ጎረቤት እንደሌለ አጫወተችን። እኔም በልቤ ኮራሁ፤ የእኛ ቤት ከጠያቂ ተለይቶ አያውቅማ። አንዱ ያጎርሳቸዋል፣ አንዱ ደግፎ ያነሳቸዋል፣ ሌላው ጋቢያቸውን ያስተካክላል።

ለክትትል ስንመለስ ፊዚዮቴራፒስቷ እግራቸውን ነካክታ ፊቷ ጠቆረ።

«እስካሁን መጠንከር ነበረበት። ማነው የሚያነሳቸው?»

«ሁሉም» አልኋት።

«እንግዲያው ሁሉም ይተዉ።»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። በአገራችን ሰው ሲገባ የተቀመጠው «ኖር» ብሎ ይነሳል፤ መጪው «በእግዜር» ብሎ ይቀመጣል። አባባም ለእያንዳንዱ ጠያቂ ሊነሱ ይሞክሩ ነበር። ጠያቂው ግን ሮጦ ትከሻቸውን ይጫንና «በሞቴ አይነሱ!» ይላል። በሞቴ የተባለ ሰው ደግሞ እምቢ አይልም። እግራቸው ሊለማመድ በተነሳ ቁጥር በአክብሮት አስቀመጥነው።

ጎረቤትን «አታክብሩልኝ» ማለት ከበደኝ። ለሰንበቴያቸው መሪ፣ በማኅበሩ ማዕረግ «ሙሴ» ለሚባሉት ሽማግሌ፣ ነገርኋቸው። ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛውን ሰብስበው «እንግዲህ በሞቴ የሚል እንዳልሰማ። በተራ ትጠይቃላችሁ፣ እስኪነሱ በር ላይ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ» አሉ።

የመጀመሪያው ተረኛ ራሳቸው ሆኑ። በር ላይ ቆሙ። አባባ ከዘራቸውን ጨበጡ። እኔ በግራ በኩል ቆምሁ፤ አልነካኋቸውም። እስከ ግማሽ ተነሱ። ተመልሰው ተቀመጡ። እንደገና ሞከሩ።

«ኖ... ር» አሉ ቆመው።

«በእግዜር» አሉ ሙሴው፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰንበቴው ሁሉ እየተፈራረቀ በር ላይ ሲቆም፣ አባባም እያጉረመረሙም እየሳቁም ሲነሱ፣ መጀመሪያ እስከ ምሰሶው፣ ቀጥሎ እስከ ደጁ፣ ኋላም ቀስ እያሉ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በከዘራ መሄድ ቻሉ። አዝመራ ሲደርስ ግን ማንም ብቅ አላለም፤ ያኔ የኖርዌይን ማዘጋጃ ቤት ከልቤ ተመኘሁት። የጎረቤት ፍቅር እንዲህ ነው፣ የእርሻ ሥራም አለበት። ግራ ጣቶቻቸው ዛሬም ቁልፍ አይቆልፉም። ቢሆንም እፎይ ብያለሁ።

ለሐኪሞቹና ለሰንበቴው እግዜር ይስጥልኝ። እናንተም አፍ ሲጣመም ካያችሁ ምች ነው ብላችሁ አትዘግዩ፤ የግፊት መድኃኒቱን አታቋርጡ። ጠያቂ ስለበዛ ሕመምተኛው ታክሟል ማለት አይደለም፤ ምን ማድረግ እንዳለበት ለጠያቂው ንገሩት። የታመሙት መቆም ሲሞክሩ ማየት ያስጨንቃል፣ አውቃለሁ፤ እጃችሁን ሰብስባችሁ ከአጠገባቸው ቁሙ።

አባባን ስለዚያ ጊዜ ስጠይቃቸው እንዲህ ይላሉ፦ «ሁሉም በሞቴ፣ በሞቴ ሲለኝ፣ የሚሞተው እኔ ነበርሁ።»