ዜድ የምትባለው ፋይል

ትናንት ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ አምስት ሰው ሰብስቤ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት እያስተማርኩ ነበር። እዚሁ ጭሮ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። በከተማው ያለቀለት ኮምፒውተር ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል... አንዳንዱ ይድናል፣ አንዳንዱ አይድንም።

የትናንቱ ትምህርት ፋይሎችን በአንድ ላይ ጠቅልሎ ስለማስቀመጥ ነበር። «ታር» የሚባል ትእዛዝ አለ። ከሱ ቀጥሎ አንድ ሰረዝ ታደርግና ሦስት ፊደል አጣብቀህ ትጽፋለህ፣ -czf ብለህ። ሲ «ጠቅልል» ነው። ዜድ «አሳንስ» ነው። ኤፍ ደግሞ «የጥቅሉ ስም ከእኔ ቀጥሎ ያለው ነው» ማለት ነው።

«ሦስት ሰው አንድ ባጃጅ ላይ እንደ መጫን ቁጠሩት» አልኳቸው። «ግን ኤፍ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። ከኋላው ያገኘውን ሁሉ ስም ነው ብሎ ይይዛል።»

ዘሃራ እጇን አነሳች። የመዝገብ ቤታችን ኃላፊ ናት፤ አንድ ፋይል ከጠፋባት እህል አትቀምስም።

«ቢቀያየርስ? ኤፍ መሃል ቢገባ?»

«ስህተት ይሆናላ።»

«ስህተት መሆኑንማ ሰማሁ። ፋይሎቼ የት ይገባሉ ነው የምልህ!»

ሁሉም ሳቁ። በተግባር ላሳያት ብዬ -cfz ብዬ ጻፍኩ። ማሽኑ «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» የሚል መልእክት አወጣ። የሰጠሁትን ስም ፈለግኩ፣ የለም። «አያችሁ? ጠፋ» ልል አፌን ስከፍት ዘሃራ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች።

«ይሄስ? ይሄ z የሚለው ምንድን ነው? ወላሂ ቅድም አልነበረም።»

ከፈትኩት። ሁሉም ፋይል ውስጡ ቁጭ ብሏል። ኤፍ ከኋላው ያገኘው ዜድን ነዋ... ጥቅሉን «ዜድ» ብሎ ሰይሞ አስቀምጦታል። እኔ የሰጠሁትን ስም ደግሞ እንደሚጠቀለል ፋይል ቆጥሮ ፈልጎ አጣው።

ያንን መልእክት ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ጋሽ ታደሰና ባለቤታቸው እማማ ብርቄ የልጃቸውን ላፕቶፕ በፎጣ ጠቅልለው አመጡልኝ። ሰላም አንድ ልጃቸው ነበረች። ኮምፒውተር ተምራ፣ ሥራ ይዛ፣ ታማ አረፈች። ገና አርባዋ እንኳ አልወጣም ነበር።

«ድምጿ ውስጡ አለ» አሉኝ እማማ ብርቄ። «አባቷን እያስወራች ትቀዳ ነበር። ሌላውን ተወው ልጄ፣ ድምጿን ብቻ አውጣልኝ።»

የላፕቶፑ ዲስክ ቀጭ ቀጭ እያለ ሊሞት ነው። የራሴን ተንቀሳቃሽ ዲስክ ሰካሁና ጥቅሉ እሱ ላይ እንዲቀመጥ ትእዛዙን ጻፍኩ። ሁለቱ ከአጠገቤ ቆመው እጄን እጄን ያያሉ... ቸኮልኩ። ማሽኑ ሠርቶ ሠርቶ በመጨረሻ «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» አለኝ። «ሰላም» ብዬ የሰየምኩትን ጥቅል ፈለግኩ፣ የለም። ልድገመው ስል የሷ ዲስክ ጭራሽ አልነበብም አለ።

«ጠፍቷል» አልኳቸው።

ጋሽ ታደሰ ፎጣውን አጣጠፉ። «ምን ይደረጋል... አንዴ ብቻ ብሰማት ነበር» አሉ።

ከዚያ ወዲህ እማማ ብርቄ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር እጄን ይይዛሉ። «ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ድምጿ አልተገኘም?» ይሉኛል ኦሮምኛ ቀላቅለው። ምን ልበላቸው? ከሩቅ ሳያቸው በጫት ተራ በኩል መዞር ጀመርኩ። ባለፈው ክረምት ጋሽ ታደሰ ሲያርፉ እንኳ ለቀስተኛው መሃል ተደብቄ ቀብሬ ተመለስኩ።

ያ ዲስክ ግን ከቦርሳዬ ወጥቶ አያውቅም። በየቀኑ ትከሻዬ ላይ ነው። ውስጡ z የምትል ምንነቷ የማይታወቅ ፋይል እንዳለችም አውቃለሁ። ስንቴ «ይቺን ቆሻሻ ላጥፋት» ብያለሁ። ስንፍናዬ ነው ያተረፋት።

ትናንት አምስቱም እያዩኝ ዲስኩን ሰካሁ። z ስትከፈት የሰላም ፋይሎች በሙሉ ወጡ። ፎቶዎቿ፣ የትምህርት ቤት ጽሑፏ፣ ቀረጻዎቹ... አላስቻለኝም፣ አለቀስኩ። ዘሃራ ውሃ አቀበለችኝ።

ቀረጻዎቹን ስልኬ ላይ ገልብጬ በባጃጅ በረርኩ። እማማ ብርቄ ደጃቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ሰላምታ ሰጡኝ፣ ቁጭ በል አሉኝ... አልጠየቁኝም። መጠየቅ ትተዋል።

«ተገኘ እማማ» አልኳቸው። ስልኩን ከፈትኩ።

«አባዬ፣ አሰቦት ላይ ጎማ የፈነዳብህን ቀን ንገረኝ» ትላለች ሰላም።

«መቶ ጊዜ ነገርኩሽ አይደል እንዴ?»

«መቶ አንድ አድርገዋ!»

ጋሽ ታደሰ ሲስቁ ይሰማል፣ ከሳል ጋር። እኔ የልጃቸውን ድምፅ ነው ይዤ የመጣሁት... የባላቸውንም ማምጣቴ ትዝ አላለኝም። እማማ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ባላቸው ሲስቁ አንዴ አብረው ሳቁ። ከዚያ አለቀሱ።

«የት ተገኘ?» አሉኝ ቆይተው።

«እኔው ጋ ነበር። ስሙን አሳስቼ... ይቅር ይበሉኝ።» ቦርሳዬን አሳየኋቸው።

«ይሄ ቦርሳ ውስጥ? ያኔ በጫት ተራ ስትዞርብኝም?»

እንዳላዩኝ ነበር የማስበው። በሐፍረት ራሴን ነቀነቅኩ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቦርሳውን በእጃቸው ቀስ አድርገው ዳሰሱት።

«ሁለቱም እዚህ ነበሩ በለኛ... እኔ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ስቀመጥ» አሉ።

ከእንግዲህ ለማንም ሰው «የለም» ከማለቴ በፊት ያለውን ሁሉ ከፍቼ አያለሁ... ጋሽ ታደሰ ግን አንዴ እንኳ ሳይሰሟት ሄደዋል።